የ11 ስሞች መንገድ፤ ከጥር 19 እስከ 24 ቀን 2017

ከይፋት ጫፍ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ካለች ትንሽ የገበሬ መንደር በአንድ ዓመት ውስጥ 11 ሰው አርፏል። 9ኙ ክርስቲያኖች፣ 2ቱ ሙስሊሞች ናቸው። የመቃብሩ ቦታ ለየብቻ ቢሆንም እድሩ አንድ ነው፤ ድንኳኑም ሳፋውም ለሁሉም ወጥቷል። እድሩ ለሟቾቹ ሦስት ነገር እንዲዘጋጅ ወሰነ። አንደኛው በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ የሚተከል የ11ዱን ስም የያዘ እብነ በረድ ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዳቸው ፎቶና አጭር ታሪክ ያለበት ትንሽ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሦስተኛው ለ9ኙ በየወሩ የሚበራ ጧፍና ዕጣን ነው። ሥራው መሀል አዲስ አበባ ላይ 5 ቀን ይፈጃል፤ ወሩም ጥር የሆነው እህሉ ከአውድማ ስለገባና ዐቢይ ጾም ገና ስለሆነ ነው።

ቀን 1፤ ሰኞ ጥር 19

መኪናው ሌሊት 11 ሰዓት ከደብረ ሲና ይነሣና በጣርማበር ዋሻ፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ ላምበረት መናኸሪያ ይገባል። መንገዱ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ታክሲ አለ። ሲመጡ ሸክም ስለሌለ ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልግም፤ የስም ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ግንፍሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ከተማ ያሉ የአገር ልጆች ተሰብስበው ደብተሩን ያነባሉ። ደብተሩ ተራ ባለመስመር ደብተር ነው፤ በሁለት ገጽ ላይ 7 ረድፍ ተሰምሮበታል። የመዝገብ ስም ከነአባትና አያት፣ መንደሩ የሚጠራቸው ስም፣ የክርስትና ስም፣ ያረፉበት ቀን፣ ዕድሜ፣ ፎቶ ማን ጋ እንዳለ፣ የመጨረሻው ደግሞ መርዶ ያልተረዳው ማን እንደሆነ።

ይህ ሰባተኛው ረድፍ ከሁሉም ቀድሞ መሞላት ያለበት ነው። ብዙ ጊዜ ፎቶው ያለው ከተማ ያለችው ልጅ ጋ ነው። ስልክ ተደውሎ «የእናትሽ ፎቶ ለመታሰቢያው ይፈለጋል» ሲባል ልጅቷ መሞታቸውን ያልሰማች ከሆነ፣ መርዶውን የነገራት ፎቶ ፈላጊው ሆነ ማለት ነው። ይህ በምንም አይካስም። ወላድ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ፈተና ላይ ነው፣ ዐረብ አገር ናት፣ አጠገቧ ሰው ስለሌለ ብቻዋን ታለቅሳለች እየተባለ ሐዘን ወራት ይደበቃል። ስለዚህ ስልክ የሚደወለው ስሙ ደብተሩ ላይ «ተረድቷል» ተብሎ ለተጻፈ ሰው ብቻ ነው። ያልተረዳ ካለ ፎቶው ከሌላ ዘመድ ይፈለጋል፤ ካልተገኘ ገጹ ያለ ፎቶ ይታተማል። መርዶው የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ንጋት ላይ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ሄደው የሚነግሩት እንጂ በስልክ የሚያመልጥ ነገር አይደለም። ከ11ዱ የአንዱ ልጅ እስካሁን አልተረዳችም። መጽሐፉ ሲታደል ለእሷ ቤት የሚደርሰው ቅጂ ተለይቶ ይያዛል።

ቀጥሎ የክርስትና ስም። ካህኑ በጸሎት የሚጠራው በእሱ ነውና መንደሩ የሚያውቃቸው ስም ለዚህ አይጠቅምም። ቤተሰቡ የማያውቅ ከሆነ የነፍስ አባት ያውቃሉ፤ እሳቸውም ካረፉ የክርስትና እናት ወይም ወንድ ሲሆን የክርስትና አባት ይጠየቃሉ። በስተርጅና ቆብ የጫኑ እማሆይ ካሉ ሲመነኩሱ የወጣላቸው ስም ነው የሚጻፈው። ከ9ኙ ሦስቱ ወለተ ማርያም ናቸው። ሦስቴ ይጻፋል፣ ሦስቴም ይጠራል፤ አንድ ጊዜ ብሎ ማለፍ የለም። ቤተሰብ ቆሞ የሚሰማው ያንን ነው።

ያረፉበት ቀን ላይ ክርክር ይነሣል። ከ2008 ማብቂያ ጀምሮ ሞት በቀበሌ ስለሚመዘገብ የምዝገባ ወረቀት ያለው ይታያል። ግን ወረቀቱም የምዝገባ ቀንና የሞት ቀን ለየብቻ ስላለው የትኛው እንደተገለበጠ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ያረፈ ሰው ደግሞ ወረቀቱ ከከተማ ወረዳ ነው የሚገኘው።

ማታውን ሙሉ የሚወስደው ፊደል ነው። ኃይሌ በኃ፣ ሀብቴ በሀ፣ ሐረገወይን በሐ፤ ሥላሴ በሠ፣ ሰላማዊት በሰ፤ ፀሐይ በፀ፣ ጽጌ በጸ፤ ዓለሙ በዐ፣ አበበ በአ። ጆሮ አይለያቸውም፣ ድንጋይ ላይ ግን ያገጣሉ። ከሁለቱ ሙስሊሞች የአንዱ አባት ስም በደብተሩ «ሰይድ» ተብሎ ገብቶ ነበር። ሰይድና ሰዒድ ሁለት ስም ነው። በይፋት ሁለቱም ስላሉ ልጁ በስልክ ተጠየቀ፤ ሰዒድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ከመተኛት በፊት ባይጣራ ኖሮ በማግስቱ ጠዋት ይቀረጽ ነበር። ከተማው የተሰጠውን ነው የሚያትመው፤ ስህተቱን አይቶ የሚያርም ሰው ከመንደሩ ውጭ የለም።

ቀን 2፤ ማክሰኞ ጥር 20

እብነ በረዱ ቀድሞ ይታዘዛል፤ ከሁሉም ረዥም ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው፣ ሦስት ቀን ይባላል። መጠኑን ሱቁ እንዲወስን መተው አይገባም። 11 መስመር ነው፤ ፊደሉ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 1.5 ሲሆን ለስሞቹ 44 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ከላይ ለርእሱ 10፣ ከታች 6 ሲተው ቁመቱ 60 ይሆናል። ስፋቱ 50 ነው። በአንድ መስመር ወደ 22 ፊደል ይገባል፤ ስም፣ የአባት ስምና ያረፉበት ወርና ቀን ይበቃዋል፣ አያት ግን አይገባም። አያት በመጽሐፉ ይጻፋል። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ክብደቱ 16 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ አንድ ሰው ይሸከመዋል። 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 24 ኪሎ ደርሶ ከመኪና ማውረዱ ችግር ነው።

ሁለት ነገር እዚያው በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። አንደኛው አራቱ የሚስማር ቀዳዳዎች ከጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው በሱቁ መሰርሰሪያ እንዲበሱ ነው። መንደር ላይ በመዶሻ ሲበሳ ጥጉ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ቁጥር ነው። የግዕዝ ቁጥር ያማረ ቢሆንም ቀራጩ ፮ን እና ፯ን ያምታታል፤ በግዕዝ ከሆነ ከጎኑ በፊደል «ስድስት»፣ «ሰባት» ተብሎ ይጻፍለት። ለቀራጩ የሚሰጠው በእጅ የተጻፈ አይሁን። ታትሞ፣ በትልቅ ፊደል፣ ከታች ተፈርሞ ይሰጥ፤ አንዱ ቅጂ እኛ ጋ ይቅር።

ከዚያ ፎቶ። ፒያሳ ድሮ ፎቶ ቤቱ ሁሉ የሚታወቅ ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ግን በኮሪደር ልማት ብዙ ቤት ስለተነሣ የቀድሞ አቅጣጫ ይዞ መሄድ ቀን ያባክናል። ቀድሞ ደውሎ ያለበትን መጠየቅ ነው።

ከ11ዱ 7ቱ ያላቸው ብቸኛ ፎቶ የመታወቂያ ፎቶ ነው፤ 3 በ4 ሴንቲ ሜትር። በስልክ ፎቶውን ፎቶ ማንሳት አይሆንም፤ ያንጸባርቃል፣ ይጣመማል። ስካን ይደረግ፤ ስካኑም በ1200 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ፣ ይሁን። ያኔ በ200 ዲፒአይ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲሰፋ ፊቱ ይወጣል። በ300 ስካን አድርጎ ያንኑ ያህል መለጠጥ ግን ዓይኑን ጭጋግ ያደርገዋል።

መታወቂያ ላይ ክቡ ማኅተም ፎቶው ጥግ ላይ ያርፋል። አራሚው ማኅተሙን ሲያጠፋ ከሥሩ ያለውንም ያጠፋል። የአንዷ እናት ፎቶ ላይ ማኅተሙ ያረፈው ከግራ ትከሻቸው እስከ አንገታቸው ነበር። መጀመሪያ ታርሞ ሲመጣ ሰማያዊው ቀለም የለም፤ ማተባቸውም አብሮ የለም። ጥቁር ክር ስለሆነ ጥላ መስሎት ነው ያነሣው። ማተብ የሌላቸው እናት ደግሞ መንደሩ አያውቃቸውም። ሁለተኛው ሙከራ ክሩን መልሶ አመጣው፤ የማኅተሙ ጠርዝ ሻሻቸው ጫፍ ላይ ደብዘዝ ብሎ ቀረ። እሱ ይቅር ተባለ። ሌላው ልማድ ሱፍና ክራቫት ማልበስ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተዘጋጀ አለ፣ ሳይጠየቁም ያለብሳሉ። ጋቢ ለብሰው የኖሩ ገበሬ በጋቢያቸው ይታተሙ። ይህን ቀድሞ መናገር ነው።

ከፒያሳ ወደ መስቀል አደባባይ ወርዶ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየምን ማየት ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። በ2002 የተከፈተ ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ላይ የሰው ፎቶ ነው፤ አብዛኛውም እንደ እኛው ከመታወቂያና ከትምህርት ቤት የወጣ ትንሽ ፎቶ። እኩል መጠን፣ እኩል ርቀት። ለመጽሐፋችንም ፎቶዎቹን በአንድ መጠን ማድረጉ ከዚያ የተወሰደ ነው። ትልቅ ፎቶ ያለው ቤተሰብ ትልቅ ገጽ፣ የሌለው ትንሽ ገጽ የሚያገኝበት አሠራር ሐዘንተኛን ያስቀይማል።

ቀን 3፤ ረቡዕ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም ነው። ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ዕረፍት የምታስብበት ቀን ስለሆነ ብዙ ሱቅ ረፋዱ ላይ ዝግ ነው፤ ለግዢ አይመቸም። ረቡዕ ስለሆነም ጾሙ አይሻርም።

ጠዋት በዓታ ማርያም። ዳግማዊ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት እዚህ ነው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ቆይቷል። ትንሽ አለፍ ብሎ ቅድስት ሥላሴ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞተው ወግ ያለው ቀብር ያገኙት በዚህ ካቴድራል ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው። ለንጉሥም ለገበሬም መርዶ ይዘገያል፣ ቀብር ይዘገያል፤ ስሙን ማንሣት ግን ጊዜው አያልፍበትም።

የሥላሴ ግቢ መቃብሮች ጽሑፍ ቀርቦ መታየት አለበት፤ እብነ በረዱ ከመታዘዙ በፊት ቢታይ ደግሞ የበለጠ ይበጅ ነበር። በቀለም ብቻ የተጻፈው ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይለቃል። ተቀርጾ በቀለም የተሞላው ቀለሙ ሲሄድ ጎድጓዳው ይቀራል፣ በጣት እየተዳሰሰ ይነበባል። ስለዚህ ለቀራጩ ተደውሎ ቅርጹ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እንዲገባ፣ በወርቃማው ፋንታም ጥቁር እንዲሞላ ተነገረው።

ከሰዓት በኋላ የቀን ስሌት ነው፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ገጽ የሚወጣው። የሚታሰቡት ቀኖች ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ናቸው። በብዛት ስህተት የሚገባው አርባውና ሰማንያው ላይ ነው። ያረፉበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። መስከረም 5 ያረፈ ሰው አርባው ጥቅምት 14፣ ሰማንያው ኅዳር 24 ነው። በተለምዶ «ወር ከዐሥር» ሲባል ጥቅምት 15 የሚሉ አሉ፤ አንድ ቀን ያልፋቸዋል። ጳጉሜን ሲገባበት ይባስ ይሳከራል። ነሐሴ 1 ያረፈ አርባው መስከረም 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ግን መስከረም 4። አርባው ጾም ላይ ከዋለ ዝክሩ በጾም ምግብ ይሆናል እንጂ ቀኑ አይገፋም። በሰሙነ ሕማማት ግን ፍትሐት የለም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይጸለያል።

ለሁለቱ ሙስሊሞች ይህ ሠንጠረዥ አይሠራም፤ ገጻቸው ላይም አይገባም። የአንደኛው ባለቤት ደግሞ 4 ወር ከ10 ቀን ቤት የሚቀመጡበት ጊዜ ላይ ስለሆኑ ፎቶ አምጡ፣ ኑና ፈርሙ አይባሉም። የሚላከው ልጃቸው ነው።

ቀን 4፤ ሐሙስ ጥር 22

መርካቶ። ከፒያሳ ቅርብ ነው፤ ማልዶ መግባት ነው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግፊያው አያስመርጥም።

ጧፍ ለ9 ስም፣ ለ12 ወር፣ በወር አንድ አንድ፤ 108 ይሆናል። በመንገድ የሚሰበር ስላለ 120 ይገዛል። ጧፍ የጥጥ ክር በሰም የተነከረ ነው፤ አሁን አሁን ሰሙ በፓራፊን ይበረዛል። መለያው ቀላል ነው። ንጹሕ የንብ ሰም ማር ማር ይሸታል፤ መዳፍ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ሳይሰበር ይተጣጠፋል። የተበረዘው ነጣ ይላል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ሲበራም እያንጠባጠበ የሚያነበውን ካህን መጽሐፍ ያበላሻል። አንዱን ፍሬ ሱቁ በር ላይ አብርቶ ማየት ነውር የለውም። ጧፉ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ተጋድሞ ይሂድ፤ ከደብረ ሲና ቁልቁል ቆላ ስለሆነ መኪና ጣሪያ ላይ ፀሐይ ካገኘው እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ዕጣኑ 2 ኪሎ። ነጩ ዕጣን በፍም ላይ አንዲት ፍሬ ጣል ሲደረግ ቀልጦ ነጭ ጭስ ይሰጣል። ጥቁር ጭስ ካወጣና የጥድ ሙጫ ከሸተተ ሌላ ነገር ገብቶበታል። ከሥር ያለውን ማየት ይገባል፤ ከጆንያው አፍ ላይ ደህናው ተደርጎ አፈርና ቅርፊት ከታች ይሆናል። ሌላው የመርካቶ ዕቃ ብዙም አያከራክርም።

ቀን 5፤ ዓርብ ጥር 23

የመጽሐፉ ቀን። 16 ገጽ ነው፤ 11 ገጽ ለ11ዱ፣ 5ቱ ለሽፋን፣ ለመግቢያና ለቀን ስሌቱ። ኤ4 ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ስለሚሰጥ አንድ መጽሐፍ 4 ወረቀት ይወስዳል። ለ50 ቅጂ 200 ወረቀት፤ የላዩ 50 ወፍራም፣ 150ው ተራ። ገጹ በ4 የማይካፈል ሲሆን ባዶ ገጽ ይተርፍና የአንድ ሟች ገጽ የጎደለ ይመስላል።

ጽሑፉ በድሮው የኮምፒዩተር ፊደል በፓወር ግዕዝ ተለቅሞ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የፈረንጅ ፊደል ትርምስ ሆኖ ሊከፈት ይችላል። በዩኒኮድ ፊደል፣ ለምሳሌ በኒያላ፣ ይለቀም፤ ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ ይሂድ። ፒዲኤፉም ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ ወጥቶ በወረቀት ይነበብ።

የእያንዳንዱ ሰው ገጽ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ላይ ብዙ ቤተሰብ «ደግ፣ ቅን፣ ሰው ወዳድ» ብሎ ይልካል። 11ዱም ደግና ቅን ተብለው ሲታተሙ ማንኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሚሻለው እጃቸው የሠራው ነው። ከገበያው መንገድ ላይ ያለውን የወንዝ መሻገሪያ ድንጋይ እያንከባለሉ የደረደሩት ማን ናቸው። ሞፈርና ቀንበር የሚጠርቡት፣ እንጨቱንም ከየትኛው ዛፍ የሚመርጡት። ምጥ ሲበረታ በሌሊት የሚጠሩት እናት። ይህ ከተጻፈ ስሙ ቢሸፈን እንኳ መንደሩ ሰውየውን ይለያል።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሁለቱ ሙስሊሞች ልጆች አንዋር መስጊድ አጠገብ ይገኛሉ። የየአባታቸውን ገጽ እዚያው ቆመው አነበቡ። አንደኛው ፎቶ እንዲገባ ፈቀደ፤ የሁለተኛው ቤተሰብ አልፈለገም፣ በፎቶው ቦታ ስማቸው በትልቅ ፊደል ገባ። ይህ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ ማብራሪያ አይጻፍበትም።

23 ስለሆነ አራዳ ጊዮርጊስ ሰው ሞልቶታል። 9ኙ የክርስትና ስሞች በንጹሕ ወረቀት ተገልብጠው ለአንድ ካህን ተሰጡ፤ ይጸለይላቸዋል። ወረቀቱ ላይ የቤት ስም አልተጨመረም፤ ሲጨመር ካህኑ የትኛውን እንደሚጠሩ ይቸገራሉ።

ማታ 12 ሰዓት እብነ በረዱ ወጣ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት አንድ ሰው ከፈረምነው ወረቀት ላይ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ድንጋዩ ላይ ፊደል በፊደል በጣቱ ይከተላል። ያው ሰው ራሱ አንብቦ ራሱ ቢከተል ዓይኑ የሚያውቀውን ነው የሚያየው። ሰዒድ በዐይኑ ዒ አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ኃ ትክክል ነው። ስምንተኛው ላይ የአባት ስምና ቀኑ ተጣብቆ ነበር፤ መሀሉ ላይ ነጥብ ተቀርጾ ተለየ።

ቀን 6፤ ቅዳሜ ጥር 24

ሌሊት 10 ሰዓት ከግንፍሌ መነሣት ነው፤ 11 ሰዓት ላምበረት። እብነ በረዱ አይጋደምም፤ በጎኑ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሁለት ጣውላ መሀል ታስሮ ይጫናል። ቢጋደምና ዕቃ ቢጫንበት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። ጧፉ ጥላ ባለበት፣ ዕጣኑ ከምግብ ተለይቶ። 50ው መጽሐፍ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ፤ ያልተረዳችው ልጅ ቤት የሚሄደው ቅጂ ለብቻው በፖስታ ታሽጎ። ባለ 7 ረድፉ ደብተር ግን ጣሪያ ላይም ካርቶን ውስጥም አይገባም፤ መንገደኛው በጉያው ይዞት ይሳፈራል። የሚቀጥለው ገጽ ተሰምሮ ባዶ ነው።